ከሲኒማ ግድግዳ እስከ ጀበል ኩጁር
የጥንት የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም ማስታወቂያዎችና የሥዕል ትምህርት

የፊልም ማስታወቂያ ሥዕል ዋና ተግባሩ መንገደኛን አቁሞ ትኬት ማስገዛት ነው። ይሁን እንጂ ፊልሙ ታይቶ ከተረሳ በኋላ ሥዕሉ ብቻውን ቀርቶ ሌሎች ሠዓሊዎችን ያስተማረበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ይህም በተለይ በሳይንስ ልብ ወለድ ፊልሞች ማስታወቂያ ላይ ጎልቶ ይታያል፤ ሠዓሊው ማንም አይቶት የማያውቀውን ነገር የታየ አስመስሎ ማቅረብ አለበትና። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1927 በርሊን ውስጥ የታየውን የፍሪትዝ ላንግን «ሜትሮፖሊስ» እንመልከት። ሃይንዝ ሹልዝ-ኖይዳም በሠራው ማስታወቂያ ላይ ሰው ሠራሿ ሴት ከፊት ትታያለች፤ ከኋላዋ ረጃጅም ሕንፃዎች ወደ ሰማይ ይወጣሉ። ተመልካቹ ከሥር ቀና ብሎ እንዲያይ ስለሚገደድ ራሱን ትንሽ አድርጎ ያያል። ለግድግዳ ተብሎ የታተመው ይህ ወረቀት፣ አንድ ቅጂው በ2005 በ690,000 የአሜሪካ ዶላር ተሸጧል።

በ1956 የወጣው የአሜሪካው «ፎርቢደን ፕላኔት» ማስታወቂያ ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምረናል። በሥዕሉ ላይ አስፈሪ ሮቦት ራሷን የሳተች ሴት ታቅፎ ይታያል። በፊልሙ ውስጥ ግን ሮቦቱ ታዛዥ አገልጋይ እንጂ ሴት ጠላፊ አይደለም። ስለዚህ ማስታወቂያው ስለ ፊልሙ የሚሰጠው ምስክርነት ደካማ ነው። ስለ ዘመኑ ሰዎች ስጋትና ጉጉት የሚሰጠው ምስክርነት ግን ጠንካራ ነው። የታሪክ መምህር እንዲህ ያለውን ሥዕል በክፍል ውስጥ ሲያቀርብ ይህን ልዩነት ማስገንዘብ ይኖርበታል።

ወደ አፍሪካ ስንመጣ ከሁሉ የሚደንቀው የጋና ታሪክ ነው። በ1980ዎቹ ቴሌቪዥን፣ የቪዲዮ ማጫወቻና ጄኔሬተር ይዘው ከመንደር መንደር የሚዞሩ ሰዎች ፊልም ያሳዩ ነበር። ማስታወቂያዎቻቸውንም የሠፈር ሠዓሊዎች በተተረተረና በተሰፋ የዱቄት ጆንያ ላይ በዘይት ቀለም ይሥሉላቸው ነበር። ብዙ ጊዜ ሠዓሊው ፊልሙን አላየውም። በመሆኑም የጎደለውን ከራሱ ምናብና ከአካባቢው እምነት ሞላው፤ በዚህም የባዕድ ፊልም ማስታወቂያ የጋና ሥዕል ሆነ።

በእኛም አገር ለዚህ የሚሆን አብነት አለ። እስክንድር ቦጎሲያን (1937–2003) በፓሪስ ሳለ የአውሮፓንና የላቲን አሜሪካን ዘመናዊ ሥዕል አጥንቷል፤ ነገር ግን ያየውን ከኢትዮጵያ የብራና ጥቅልልና የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጋር አዋሐደው እንጂ አልገለበጠውም። በ2015 የቀረበው «ክራምብስ» የተሰኘው ፊልም ደግሞ በስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ተዘጋጅቶ በኢትዮጵያ ምድር ተቀረጸ። በሰማይ ላይ የተንጠለጠለ አሮጌ የጠፈር መርከብ ከአገራችን መልክዓ ምድር ጋር ሲታይ እንግዳም ባለቤትም ይመስላል።

እንግዲህ ተማሪው የሚወስደው ዘዴውን ነው፤ ይኸውም የእይታን ማዕዘን፣ የመጠንን ልዩነትና የጥቂት ቀለማትን ኃይል ነው። በጁባ ምዕራባዊ ዳርቻ የሚገኘውን ጀበል ኩጁርን ለምሳሌ እንውሰድ። በአካባቢው አነጋገር «ኩጁር» ከመናፍስት ጋር ይገናኛል የሚባል አዋቂ ነው፤ ስሙ ብቻውን የፊልም ርዕስ ይሆናል። ተራራውን ከሥር ወደ ላይ ስሎ፣ ሰማዩን በአንድ ቀለም ሞልቶ፣ ከጫፉ በላይ መርከብ ማንሳፈፍ አይከብድም። ከባዱ ከግርጌው ድንጋይ በእጃቸው እየፈለጡ የሚኖሩትን ሰዎች የት ማስቀመጥ እንደሚገባ መወሰን ነው። በድሮው ዘዴ ሰዎቹ እንደ ጉንዳን ያንሳሉ ወይም ጨርሶ ይጠፋሉ። መዶሻ የያዘች እጅ ከፊት ጎልታ መርከቡ ከሩቅ ቢያንስስ? ያን ጊዜ ሥዕሉ ስለ መጪው ዘመን ሌላ ነገር ይናገራል።

ለክፍል ውይይት፦ ተማሪዎች በየአካባቢያቸው ያለ አንድ ኮረብታ መርጠው ሁለቱንም ዓይነት ይሣሉ። ከዚያም የመጪው ዘመን ባለቤት በየትኛው ሥዕል ማን እንደሆነ ያስረዱ።