የሚለወጥ ዳራ፦ በጥቂት ገንዘብ ስፍራን የመሥራት ታሪክ

የማቀርበው ጉዳይ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል፤ ከተናጋሪ ጀርባ ስለሚዘረጋ ጨርቅ ነው። ዛሬ በስልኩ ካሜራ ትምህርት፣ ቃለ መጠይቅ ወይም አጭር ድራማ የሚቀርጽ ሰው ሁሉ ፈጥኖ የሚገጥመው ጥያቄ “ከጀርባዬ ምን ይታይ?” የሚል ነው። ገንዘብ ያለው ስቱዲዮ ይከራያል። የሌለው ግን ባለችው አንዲት ክፍል ውስጥ ዛሬ የዜና ጠረጴዛ፣ ነገ የልጆች ተረት መድረክ፣ ከነገ ወዲያ የቤተ ሙከራ ማሳያ ማዘጋጀት ይኖርበታል።

ይህ ችግር የዘመናችን ብቻ ይመስለናል። እኔ ግን ከሁለት ሺህ ዓመታት በላይ የቆየ የሙያ ጥያቄ መሆኑን ላሳያችሁ እወዳለሁ። የንግግሬ ዋና ሐሳብም ይህ ነው፦ ለብዙ ሥራ የሚያገለግል ዳራ የሚገኘው ጸንቶ የሚቆመውን አካል ከሚለዋወጠው ገጽ በመለየት፣ ገጹም ከሚገባው በላይ እንዳይናገር በመግታት ነው።

ከጥንቱ ልጀምር። አርስቶትል ስለ ግጥም ጥበብ በጻፈው መጽሐፍ፣ ሥዕልን ወደ ትራጄዲ መድረክ ያስገባው ሶፎክልስ እንደሆነ ይናገራል። ከዚያ በኋላ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው መቶ ዓመት፣ ሮማዊው የሕንፃ ሊቅ ቪትሩቪየስ በአምስተኛው መጽሐፉ ሦስት ጎን ስላላቸው ተሽከርካሪ መሣሪያዎች ይገልጻል። እያንዳንዱ ጎን የተለየ ሥዕል ነበረው። ትዕይንቱ ሲለወጥ መሣሪያው በዘንጉ ላይ ይዞርና ሌላው ገጽ ለተመልካች ይታያል። ልብ በሉ፤ ሦስት ስፍራ ለማሳየት ሦስት መድረክ መሥራት አላስፈለገም። እንጨቱ አንድ ነው፤ ገጹ ግን ሦስት ነው።

ይህ አሳብ እ.ኤ.አ. በ1640ዎቹ በቬኒስ ወደ ላቀ ደረጃ ደረሰ። ጃኮሞ ቶሬሊ የተባለው መሐንዲስ በቴአትሮ ኖቪሲሞ፣ በመድረኩ ግራና ቀኝ የቆሙትን ሥዕላዊ ክፈፎች ሁሉ ከመድረኩ ወለል በታች በገመድና በክብደት ከአንድ ዘንግ ጋር አያያዛቸው። ዘንጉ ሲዞር አሮጌው ስፍራ ወደ ጎን ሲሸሽ አዲሱ በዚያው ቅጽበት ይገባል። ይህን መሰል መሣሪያ ዛሬም ሲሠራ ማየት የሚሻ ሰው በስቶክሆልም አቅራቢያ በ1766 ወደ ተሠራው የድሮትኒንግሆልም ቲያትር ይሂድ። በእነዚያ ዘመናት የነበሩ ብዙ ቲያትር ቤቶች ለእያንዳንዱ ተውኔት አዲስ ሥዕል አያሠሩም ነበር። አንድ የቤተ መንግሥት አዳራሽ፣ አንድ ጫካ፣ አንድ እስር ቤት፣ አንድ የከተማ መንገድ ይኖራቸዋል፤ እነዚህን እያፈራረቁ ለብዙ ተውኔት ይጠቀሙባቸዋል። ጫካው የማንም ጫካ ስላልነበረ ለሁሉም ታሪክ ጫካ መሆን ቻለ።

አሁን ወደ ካሜራው ዘመን እንሻገር፤ በዚህ ዘመን ተመልካቹ ዓይን ብቻ መሆኑ ቀርቶ ፊልሙም ተመልካች ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1893 የቶማስ ኤዲሰን ባልደረቦች በኒው ጀርሲ፣ በዌስት ኦሬንጅ፣ “ብላክ ማሪያ” የተባለውን የፊልም መቅረጫ ቤት ሠርተው ጨረሱ። የፈጀው ገንዘብ 637 ዶላር ከ67 ሳንቲም ነበር። ግድግዳው በሬንጅ ወረቀት የተሸፈነ፣ ጣሪያው የሚከፈት፣ ቤቱ በሙሉ የፀሐይን ብርሃን እየተከተለ የሚዞር ነበር። ዳራው ደግሞ ጥቁር ነበር። በጥቁሩ ፊት ዳንሰኛም ሆነ ጡንቸኛ ስፖርተኛ ጎልቶ ይታያል፤ የተመልካችንም ዓይን የሚሻማ ነገር የለም። ይህ ሊሠራ ከሚችለው ዳራ ሁሉ እጅግ ርካሹ ሲሆን፣ ለማንኛውም ባለሙያ እኩል ያገለግል ነበር።

ከአራት ዓመት በኋላ ፈረንሳዊው ዦርዥ ሜልየስ በፓሪስ አጠገብ በሞንትሬይ የመስተዋት ስቱዲዮ አቆመ። ሜልየስ ቤተ መንግሥትና ዋሻ፣ ጨረቃና የባሕር ወለል በጨርቅና በእንጨት ላይ ያሥል ነበር። ይሁንና ሥዕሎቹን በግራጫና በጥቁር ደረጃዎች ብቻ ነበር የሚያዘጋጃቸው። ምክንያቱ በጊዜው የነበረው ፊልም ቀለማትን እንደ ዓይናችን አለማየቱ ነው፤ ቀዩ ወደ ጥቁር፣ ሰማያዊው ወደ ነጭ ያዘነብል ነበር። ስለዚህ ለዓይን ደማቅ የሆነ ሥዕል በፊልሙ ላይ ሌላ ነገር ሆኖ ይወጣል። ከዚህ የምንቀስመው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ዳራ የሚመዘነው በክፍሉ ውስጥ ባለው መልኩ ሳይሆን በካሜራው በሚታይበት መልኩ ነው። ዛሬም ቢሆን ቀጭን መስመሮች ያሉት ጨርቅ በእጅ ሲይዙት ያምራል፤ በቪዲዮ ግን መስመሮቹ ሲንቀጠቀጡና ሲወዛወዙ ይታያሉ።

በተቃራኒው የቆመ ታላቅ ምሳሌ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1920 በበርሊን በታየው “የዶክተር ካሊጋሪ ክፍል” በተሰኘው ፊልም ሄርማን ዋርም፣ ቫልተር ራይማንና ቫልተር ሮሪግ የተባሉት ሠዓልያን የተጣመሙ ቤቶችንና መንገዶችን በጨርቅ ላይ ሣሉ። ከዚያም አልፈው ጥላውንና ብርሃኑን ራሱን በብሩሽ ቀቡት። ውጤቱ በፊልም ታሪክ የማይረሳ ሆነ። ነገር ግን የተሣለ ጥላ አይንቀሳቀስም፤ መብራቱ ከየት እንደሚመጣ፣ የታሪኩም ስሜት ምን እንደሆነ አስቀድሞ ወስኗል። ያ ዳራ ለዚያ ፊልም ብቻ የተፈጠረ ነው። በዚያ ፊት የሒሳብ ትምህርት ወይም የሠርግ መልእክት መቅረጽ አይቻልም። አንድ ጊዜ ብቻ ለሚሠራ ታላቅ ሥራ የሚበጀው፣ በየሳምንቱ ለሚሠራ ሥራ ዕዳ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ አስበልጬ የማከብረውን ምሳሌ በአህጉራችን አገኘዋለሁ። ሴይዱ ኬይታ እ.ኤ.አ. በ1948 በማሊ ዋና ከተማ በባማኮ የፎቶ ስቱዲዮ ከፈተ። የሚሠራው በአብዛኛው በግቢው ውስጥ በፀሐይ ብርሃን ሲሆን፣ የመጀመሪያው ዳራው የገዛ አልጋ ልብሱ ነበር። በየሁለትና ሦስት ዓመቱ ጨርቁን ይለውጥ ስለነበር፣ ከብዙ ዘመን በኋላ ፎቶግራፎቹ መቼ እንደተነሡ የሚለየው በጀርባቸው ባለው ጨርቅ ነበር። ለደንበኞቹም ሙሉ ልብስ፣ የእጅ ሰዓት፣ ሬዲዮ፣ ሞተር ሳይክል ሳይቀር በስቱዲዮው ያኖርላቸው ነበር። ጌጠኛ ጨርቁ ከሴቶቹ ጌጠኛ ቀሚስ ጋር ሲዋሐድ፣ ፊትና እጅ ብቻ ብርሃን ሆነው ይወጣሉ።

የዚህን ታሪክ ክብደት ለመረዳት ከኬይታ በፊት የነበረውን ማስታወስ ያሻል። በቅኝ ግዛት ዘመን ለፖስታ ካርድ በተነሡ ብዙ ፎቶግራፎች ላይ አፍሪካዊው ሰው ስሙ ሳይጻፍ፣ የአንድ ነገድ ናሙና ሆኖ ይቀርብ ነበር። ከጀርባው ምን እንደሚታይ የሚወስነው ሌላ ሰው ነበር። በባማኮው ግቢ ግን ተነሺው በራሱ ገንዘብ፣ በመረጠው ልብስና በተስማማበት አቋም ተቀመጠ። አልጋ ልብሱ የትኛውንም ከተማ አላስመሰለም። ባለቤቱን ወደ ሌላ አገር ሳይወስድ ክብር ሰጠው። ስለዚህ “ከጀርባዬ ምን ይታይ?” የሚለው ጥያቄ የገንዘብ ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ “የት እንደቆምኩ የሚናገርልኝ ማን ነው?” የሚል ጥያቄም በውስጡ አለ።

ይህን የምለው አረንጓዴ መጋረጃ ዘርግቶ በኮምፒዩተር የፈለጉትን ስፍራ መተካት ቀላል በሆነበት ዘመን ላይ ስለምንገኝ ነው። መሣሪያው ጠቃሚ ነው፤ አረንጓዴ የተመረጠውም ከሰው ቆዳ ቀለም ስለሚርቅና በአብዛኞቹ ዲጂታል ካሜራዎች ውስጥ ካሉት ብርሃን ተቀባይ ነጥቦች ግማሹ አረንጓዴን ስለሚለኩ ነው። ሆኖም ጨርቁ ርካሽ ቢሆንም ብርሃኑ ውድ ነው። መጋረጃው ሳይጨማደድ፣ ከዳር እስከ ዳር እኩል ካልበራ የተናጋሪው ፀጉር ይቆራረጣል፤ አረንጓዴውም በትከሻው ላይ ያንጸባርቃል። ከዚያም በላይ፣ ቅዠት የሚመስል የባዕድ አገር ቤተ መጻሕፍት ከጀርባው የተለጠፈበት መምህር እውነተኛ ዕውቀት ይዞ ሳለ ተመልካቹ ይጠራጠረዋል።

እንግዲህ ታሪኩ ለእኛ ምን ይመክረናል? ሦስት ቀላል የእንጨት ክፈፎች፣ እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር ስፋትና ሁለት ሜትር ቁመት ያላቸው፣ በማጠፊያ ተያይዘው ቢቆሙ የቪትሩቪየስን ብልሃት በክፍላችን አገኘን ማለት ነው። በፊታቸው በአንዱ በኩል ታጥቦ የተተኮሰና የማያብረቀርቅ መካከለኛ ግራጫ የተቀባ አቡጀዲ ይወጠር፤ በሌላው በኩል ጥቁር ጨርቅ። ተናጋሪው ከጨርቁ ቢያንስ ሁለት ሜትር ይራቅ፤ ጥላው ከኋላው መሬት ላይ ያርፋል። በዚህ አቋም ግራጫው ብዙ መልክ አለው፦ መብራት ካልደረሰው ይጠቁራል፤ ለብቻው ቢበራ ይነጣል፤ በመብራቱ ፊት ባለ ቀለም ላስቲክ ቢደረግ ያንኑ ቀለም ይለብሳል። ግራጫው ራሱ ጥላ አልተሣለበትምና ሁሉንም ብርሃን ይቀበላል።

ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ይጨመር፤ የትምህርቱን ጉዳይ የሚነካ፣ ከቤታችን የተገኘ ዕቃ። ለታሪክ ትምህርት አንድ የብራና ቅጂ፣ ለግብርና አንድ የእህል ቁና፣ ለጤና አንድ የመድኃኒት ጠርሙስ ይበቃል። ሌላው ቦታ ለተናጋሪው ይተው። ሌላ ሥራ ሲመጣ ዕቃው ይነሣል፤ ክፈፉ ይቆያል።

ተማሪዎቻችን ለሚቀጥለው ዓመት የቪዲዮ ሥራቸው ገንዘብ ሲጠይቁ ከካሜራው ዋጋ በፊት ይህን ክፈፍ እንዲያስቡ እመክራለሁ።