በቪየትናም አገር በሴቶችና በሕፃናት ላይ ስለ ተደረገው ንግድ

በማንኛውም ገበያ ሻጭና ገዥ አሉ፤ ዕቃው ግን አይናገርም። ሰው እንደ ዕቃ በሚቀርብበት ገበያ የሚያሳዝነው ነገር፥ ዳኛ በደረሰ ጊዜ ሻጩና ገዥው ተሰውረው የተሸጠችው ብቻዋን መያዟና መጠየቋ ነው። ይህ በብዙ አገር የታየ ነው፤ በቪየትናም ግን ከመቶ ዓመት በላይ በልዩ ልዩ መንግሥታት ዘመን ተደጋግሞ ስለ ተገኘ፥ ታሪኩ ለሹምም ለመምህርም የሚጠቅም ትምህርት አለው። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመቶች ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቪየትናም ሕዝብ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው የግጥም መጽሐፍ የኪዩ ታሪክ ይባላል። ደራሲው ንጉየን ዙ በ1820 ዓ.ም. የሞተ የቤተ መንግሥት ሹም ነበረ። መጽሐፉ 3,254 ስንኞች ሲኖሩት፥ ፊደል ያልቈጠረው ሰው እንኳ ከፊሉን በቃሉ ያውቀዋል። ነገሩም እንዲህ ነው፤ ኪዩ የተባለች መልከ መልካምና የተማረች ልጃገረድ አባቷና ወንድሟ በሐሰት ተከሰው በታሰሩ ጊዜ፥ እነርሱን ለማስፈታት ራሷን ሸጠች። የገዛትም ሰው በሚስትነት ስም ወስዶ በሴተኛ አዳሪዎች ቤት አስገባት። ከወገኖቿ ጋር የተገናኘችው ከ15 ዓመት መከራ በኋላ ነው። ልጅ ለወላጁ መታዘዙ የተመሰገነ ምግባር ነው፤ ነገር ግን ይኸው ምግባር በደላላ እጅ በገባ ጊዜ ማሰሪያ ገመድ እንደሚሆን ንጉየን ዙ አስቀድሞ አይቶታል።

ቶንኪን የተባለው ሰሜናዊው ክፍል በ1884 ዓ.ም. በፈረንሳይ ጥበቃ ሥር ዋለ። በዚያ የጦርነት ዘመን በቻይና ጠረፍ ባሉት ተራሮች የሸፈቱት ጭፍሮች ሴቶችንና ሕፃናትን እየማረኩ ወደ ቻይና በማሻገር፥ በጠመንጃና በኦፒየም ይለውጧቸው ነበር። ጦርነቱ ካበቃ በኋላም ንግዱ አልቆመም። የቀይ ወንዝ ጎርፍ እርሻውን ባጠፋ ጊዜ፥ ግብርና ዕዳም ገበሬውን ባስጨነቀው ጊዜ፥ ደላላ ወደ መንደሩ ገብቶ ለልጅቱ በከተማ መልካም ሥራ እንዳለ ይነግራል። ከደላሎቹም ብዙዎቹ ሴቶች ስለ ነበሩ እናቶች በቀላሉ ያምኗቸው ነበር። ልጅቱ ከሃይፎንግ ወደብ በመርከብ፥ ወይም በጠረፉ በኩል በእግር ትሻገራለች፤ ከዚያም አንዷ ለሚስትነት፥ አንዷ ለገረድነት፥ ሌላዋም ለሴተኛ አዳሪነት ትሸጣለች። ወንዶች ሕፃናትም ወራሽ ላጡ ሰዎች ይሸጡ ነበር። በ1921 ዓ.ም. በመንግሥታት ማኅበር አማካይነት በሴቶችና በሕፃናት መነገድን የሚከለክል ስምምነት ቢፈረምም፥ ቃሉ ከጄኔቭ ተነሥቶ እስከ ቶንኪን ተራራ ድረስ በሥራ ለመታየት ብዙ ዘገየ።

የቅኝ ገዥው መንግሥት በብርቱ የተከታተለው ግን ሌላ ነገር ነበር፤ ይኸውም የወታደሮቹ ጤና ነው። በሃኖይ ሴተኛ አዳሪዋ በመዝገብ ትጻፋለች፤ ካርድ ትይዛለች፤ በየጊዜው ለሐኪም ትቀርባለች፤ የአባለ ዘር በሽታ ከተገኘባትም እስክትድን ድረስ ይዘጋባታል። በሽታውን ያመጣላት ወንድ ግን እንደርሷ ተመዝግቦ ካርድ አልያዘም። ቩ ትሮንግ ፉንግ የተባለው ጋዜጠኛ በ1937 ዓ.ም. ወደዚሁ ሐኪም ቤት ገብቶ ያየውን ጽፎ አሳተመ። የተመዘገቡት ሴቶች በሥራው ካሉት ጥቂቶቹ ብቻ እንደ ሆኑ፥ የቀሩት ምርመራውንና መዘጋቱን ፈርተው እንደሚሸሸጉ፥ በሽታውም ከነርሱ ጋር አብሮ እንደሚሸሸግ ገለጸ። ይህ ጸሐፊ በ1939 ዓ.ም. 27 ዓመት ሳይሞላው በሳንባ ነቀርሳ ሞተ፤ የተናገረው እውነት ግን ከሃምሳ ዓመት በኋላ እንደገና ታየ።

በመካከሉ ታላቅ ጦርነት አለፈ። በ1969 ዓ.ም. በደቡብ ቪየትናም የነበረው የአሜሪካ ጦር ከ540,000 በላይ ደርሶ ነበር። ቦምብ ከመንደራቸው ያፈናቀላቸው ልጃገረዶች ወደ ሳይጎን እየጎረፉ በወታደሮቹ መዝናኛ ቡና ቤቶች ገቡ፤ አንዲቱ የምታገኘው ገንዘብ ለመላው ቤተ ሰብ መኖሪያ የሆነበት ጊዜም ብዙ ነው። በ1975 ዓ.ም. ጦርነቱ ካበቃ በኋላ አዲሱ መንግሥት እነዚህን ሴቶች የሰውነት ክብርን መመለሻ በተባለ ትምህርት ቤት ሰብስቦ በግድ አኖራቸው። ስሙ መልካም ነበረ፤ ነገር ግን ክብሯን የጣለች እርሷ ራሷ ናት የሚል ፍርድ በውስጡ ነበረበት።

በ1986 ዓ.ም. ዶይ ሞይ የተባለው የኤኮኖሚ ለውጥ ታወጀ፤ ንግድ ተከፈተ፤ መንገድም ተከፈተ። በ1990 ዓ.ም. መጨረሻ በሳይጎን፥ ማለት ሆ ቺ ሚን በተባለችው ከተማ፥ የመጀመሪያዋ የኤች አይ ቪ በሽተኛ ተገኘች። ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ ቫይረሱ በመርፌ ዕፅ በሚወስዱት ሰዎች መካከል በፍጥነት ተዛመተ፤ ከነርሱም ወደ ሴተኛ አዳሪዎች፥ ቀጥሎም በየቤታቸው ወዳሉት ሚስቶች ተሻገረ። መንግሥትም በሽታውን፥ ዕፁንና ሴተኛ አዳሪነትን በአንድነት አያይዞ «ማኅበራዊ ክፋት» በሚል ስም ዘመቻ አደረገባቸው። ከዚህም የተነሣ መመርመር እንደ መናዘዝ፥ መታመምም እንደ ወንጀል ተቈጠረ። ሴቲቱ ተይዛ ወደ ማረሚያ ማዕከል ስትወሰድ ደንበኛው ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። አበው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚሉት እንዲህ ያለውን ፍርድ ነው። ቩ ትሮንግ ፉንግ እንደ ተናገረውም፥ ሰዉ ፈርቶ ተሸሸገ፤ በሽታውም አብሮ ተሸሸገ።

በዚያው ዘመን የደቡቡ ልጆች ወደ ካምቦዲያ ይሻገሩ ነበር። በ1992 እና በ1993 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት 22,000 ያህል ወታደሮች፥ ፖሊሶችና ሠራተኞች ለሰላም ሥራ ወደዚያ በላከ ጊዜ፥ ገንዘብ የያዘ እንግዳ በመብዛቱ የሴተኛ አዳሪዎች ቤቶችም በዙ። ከፕኖም ፔን በስተሰሜን 11 ኪሎ ሜትር ላይ ያለችው ስቫይ ፓክ የምትባል መንደር በቪየትናማውያን ሴቶችና ሕፃናት ሽያጭ ስሟ በዓለም ተጠራ። የንግዱ ብልሃት ዕዳ ነበር፤ የቤቱ ባለቤት ለወላጆች ገንዘብ አስቀድሞ ያበድራል፤ ልጅቱም ዕዳውን በገላዋ እንድትከፍል ትገደዳለች፤ የምግቡ፥ የልብሱና የመድኃኒቱ ዋጋ በላዩ እየተጨመረ ዕዳው አያልቅም። ከዚህ የከፋው ደግሞ የኤች አይ ቪ ፍርሃት ራሱ ሕፃናትን ለሽያጭ መዳረጉ ነው። ገዥዎቹ ሕፃን ልጅ ከበሽታ ንጹሕ ናት ብለው ስላሰቡ፥ ለትንሿ ልጅ ብዙ ዋጋ ከፈሉ፤ ቫይረሱንም የሰጧት እነርሱ ሆኑ። እምቢ ለማለት ዐቅም የሌላት፥ ኮንዶም እንዲደረግ ለመጠየቅም የማትችለው ልጅ፥ የበሽታ ምንጭ ተብላ የምትጠራው እርሷ ነበረች።

በሰሜንም የድሮው መንገድ እንደገና ተከፈተ። ከ1991 ዓ.ም. ወዲህ የቻይና ጠረፍ ለንግድ ሲከፈት፥ ከላው ካይና ከላንግ ሶን ወዲያ የሚስት ፍለጋው በረታ። በ2010 ዓ.ም. በቻይና ለሚወለዱ 100 ሴቶች 118 ያህል ወንዶች ይወለዱ ነበርና። የዛሬው ደላላ በስልክ ፍቅረኛ መስሎ ይመጣል፤ ከሚታለሉትም ብዙዎቹ የተራራው አገር ልጃገረዶች ናቸው።

ነገሩ መለወጥ የጀመረው የሕጉ ቋንቋ በተለወጠ ጊዜ ነው። በ2004 ዓ.ም. አሜሪካ ለኤድስ መከላከያ ርዳታ ከመረጠቻቸው 15 አገሮች ቪየትናም ከእስያ ብቸኛዋ ነበረች፤ ኢትዮጵያም ከነዚሁ አንዷ ነበረች። በሁለቱም አገር መድኃኒቱ ለድኻው መድረስ ሲጀምር፥ ለመመርመር ምክንያት ተገኘ። በ2006 ዓ.ም. ቪየትናም ቫይረሱ ያለበትን ሰው ማግለል የሚከለክል ሕግ አወጣች። በ2011 ዓ.ም. በሰው መነገድን የሚከለክለው ሕግ ወጥቶ፥ ለተሸጠችው ሕክምና፥ መጠለያ፥ የሙያ ትምህርትና የሕግ ርዳታ እንዲሰጣት አዘዘ። በ2012 ዓ.ም. በወጣ ሌላ ሕግ ሴተኛ አዳሪዎችን በማዕከል መዝጋት ቀረ፤ መቀጮው ግን አልቀረም። በ2024 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው ሕግም ርዳታውን ተበዳይ መሆኗ ገና በመጣራት ላይ ላለችው ጭምር አደረገው።

እነዚህ ሕጎች ንግዱን ፈጽመው አላጠፉትም፤ ድኽነት ባለበት፥ ፈላጊም ባለበት ደላላ አይታጣም። ነገር ግን አንድ ነገር አስተምረዋል። መንግሥት የተሸጠችውን ጠላት ባደረገ ቁጥር ሴቲቱም በሽታዋም ከዐይኑ ተሰውረዋል፤ ተበዳይና በሽተኛ ብሎ በተቀበላት ጊዜ ግን ወጥታ ተናግራለች፤ ከእርሷም ቃል የሻጩ ስም ተገኝቷል። ስለዚህ መዝገብ የሚይዝ ሹም፥ የመዝገቡ የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን ሆነሽ መጣሽ?» ሳይሆን «ማን አመጣሽ?» የሚል መሆኑን ሊያስብ ይገባዋል።