እንጀራ የቆረቆረው ሰፈር

በሰሜን ምዕራብ ለንደን ስለምትገኘው ሃርልስደን ሲወራ ታሪኩ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ድሮ የእንግሊዞች ጸጥተኛ ሰፈር ነበረች፣ ኋላ መጤ በዛባት፣ መልኳም ጠፋ። ይህ አተራረክ ከመነሻው ይስታል። የሃርልስደን ስም በ1086 በተጠናቀረው የእንግሊዝ የመሬት መዝገብ ላይ ሰፍሯል (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፤ ሆኖም ለብዙ መቶ ዓመታት የገበሬ መንደር ከመሆን አላለፈችም። ከተማ ያደረጋት ባቡር ነው። የዊልስደን ጃንክሽን ጣቢያ በ1866 ሲከፈት ሠራተኛው ተከትሎ መጣ፤ ለሠራተኛው ቤት ተሠራ፣ ለቤተሰቡ ሱቅ ተከፈተ። የንግሥት ቪክቶሪያን 50ኛ የንግሥና ዓመት ለማስታወስ በመሀሏ የቆመው የሰዓት ማማም የዚያ ዘመን ቅርስ ነው። ድሬዳዋን የጅቡቲው ባቡር እንደቆረቆራት፣ ሃርልስደንንም ያቆማት ሐዲድ ነው። እንግዲህ ዛሬ «ነባር» የምንለው ነዋሪ ራሱ በጊዜው እንጀራ ፍለጋ የመጣ እንግዳ ነበር።

ከሐዲዱ በኋላ ፋብሪካው መጣ። የማክቪቲስ ብስኩት ፋብሪካ በ1902፣ የሄንዝ የምግብ ፋብሪካ በ1925፣ በአጎራባቹ ፓርክ ሮያል ደግሞ የጊነስ ቢራ ጠመቃ በ1936 ሥራ ጀመሩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብሪታንያ የሰው ኃይል ሲያጥራት፣ በ1948 የወጣው የዜግነት ሕግ ለቅኝ ግዛቶቿ ሕዝብ በሩን ከፈተ። የጃማይካ ሰዎች ወደ ሃርልስደን የገቡት በዚህ በር ነው፤ ከአይሪሾች ጋር በባቡሩ፣ በአውቶቡሱ፣ በሆስፒታሉና በፋብሪካው ተሰማሩ። በ1866 የመጣውን ሠራተኛ «ከተማ መሥራች»፣ በ1956 የመጣውን «መጤ» ብሎ መለየት በታሪክ ሚዛን አይደገፍም። የጠራቸው ያው የሥራ ጥሪ ነው፤ ያረፉትም እዚያው ሐዲድ ሥር ነው።

«ሥራው አንድ ይሁን፤ ባህሉ ግን ተለውጧል» የሚል አለ። እውነት ነው፣ ተለውጧል። ጥያቄው የቀድሞው ጠፋ ወይስ ተጨመረበት ነው። በ1968 የተመሠረተው ትሮጃን የተባለው የሙዚቃ ኩባንያ የጃማይካን ዜማ ለመላው ብሪታንያ ያሰራጨው ከዚሁ አካባቢ ነው፤ በ1982 ደግሞ አየርላንዳዊው ቪንስ ፓወር ሚን ፊድለር የተባለውን የሙዚቃ ቤት በሃርልስደን ከፈተ። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ከዚህ ሁሉ የሚቀርበው ሌላ ነገር ነው። የራስ ተፈሪያን እምነት ከ1930ው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ በኋላ በጃማይካ በቀለ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 1966 ኪንግስተን ሲገቡ የተቀበላቸው ሕዝብም የእምነቱን ስፋት አሳየ። ጃማይካውያን ወደ ለንደን ሲሻገሩ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀዩን ቀለም ይዘውት መጡ። የኛ ሰንደቅ ቀለም በሃርልስደን የታወቀው በእኛ ስደት ሳይሆን በእነርሱ ፍቅር ነው። ይህን የመሰለ ትርፍ በ«መልኳ ጠፋ» ሒሳብ ውስጥ አልተቆጠረም።

ከባዱ ተቃውሞ የወንጀል ጉዳይ ነው። በ1990ዎቹ በአካባቢው የጦር መሣሪያ ጥቃት መበርታቱን፣ የለንደን ፖሊስም በ1998 ትራይደንት የተባለውን ዘመቻ መጀመሩን መካድ አይቻልም። ሰበቡ ሥራ ማጣት ነው ቢባል እንኳ፣ ሥራ ማጣት ብቻውን ሰውን ነፍሰ ገዳይ አያደርግም፤ የገዳይ ጥፋት የገዳዩ ነው። ነገር ግን ጥፋቱን ለጥቁር ሕዝብ ትውልድ ማሸከም በማስረጃ ይፈርሳል። በ1981 በሌላው የለንደን ሰፈር በብሪክስተን ሁከት ሲነሳ፣ የዚሁ ሕዝብ ልጆች በሃርልስደን የማኅበረሰብ ምክር ቤት አቋቁመው በአጎራባቹ ስቶንብሪጅ የተዘጋውን የአውቶቡስ ጋራዥ ብሪጅ ፓርክ ወደተባለ ማዕከል ለወጡት፤ ሥልጠናና ሥራ የሚገኝበት ስፍራም ሆነ። በቦታው ባለቤትነት ላይ ከአካባቢው መስተዳድር ጋር የተነሳው ክርክር ፍርድ ቤት ደርሶ በ2020 ለመስተዳድሩ ተፈረደ። ሕጉ የፈረደውን ፈርዷል፤ ታሪኩ የሚያስተምረው ግን ሰፈርን የሚያቆመው ነዋሪው በእጁ የያዘው ተቋም መሆኑን ነው።

ዛሬ የሐዲድና የሠራተኛ ጉዳይ በሌላ መልክ ተመልሷል። የጊነስ ጠመቃ በ2005 ተዘግቷል። በሃርልስደን አጠገብ በኦልድ ኦክ ኮመን ግዙፍ የባቡር ጣቢያ እየተገነባ ነው፤ አካባቢውን የሚያለማ ልዩ ኮርፖሬሽንም በ2015 ተቋቁሟል። በ2021 ቆጠራ ሃርልስደን ከምትገኝበት ከብሬንት ነዋሪዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከብሪታንያ ውጭ የተወለዱ ናቸው። ሐዲድ እንደገና ሰፈሩን ሊለውጠው ነው። ልዩነቱ፣ የ1866ቱ ሐዲድ ለሠራተኛው ቤት አስከትሎ መምጣቱ ነው፤ የአሁኑ የቤት ኪራይ አንሮ ሠራተኛውን የሚገፋ ከሆነ፣ ሃርልስደን መልኳን የምታጣው ያኔ ነው። መጤ አጥፍቷት አያውቅም፤ የሠራት እሱ ነው። ስለዚህ ስለ ሰፈሩ ለውጥ የሚጨነቅ ሁሉ «ማን መጣ?» ማለቱን ትቶ «ለመጣው ሰው ሥራና ቤት አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቅ።