የአስም መድኃኒትና የዘረመል ውርስ

በአፍ የሚሳበውን የአስም መድኃኒት መጠኑን ለክቶ የሚረጨው የእጅ መሣሪያ በአሜሪካ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1956 ነበር። መሣሪያው ለሕመምተኞች ታላቅ እፎይታ ቢያስገኝም ከባድ ጥያቄ ለማስነሣት ብዙ አልቆየም። በ1960ዎቹ በእንግሊዝና ዌልስ፣ በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ በአስም የሚሞቱ ወጣቶች ቁጥር ጨመረ፤ ጥርጣሬውም መጠኑ ከፍ ባለው አይዞፕሬናሊን ላይ ወደቀ። ፌኖቴሮል በ1976 ኒውዚላንድ ከገባ በኋላም ተመሳሳይ እልቂት ታየ፤ አጠቃቀሙ ከ1989 ጀምሮ ሲገደብ የሟቾቹ ቁጥር ቀነሰ። ለብዙዎች መድኅን የሆነው መድኃኒት ለጥቂቶች ጠንቅ የሚሆነው ስለ ምንድን ነው?

ከመልሶቹ አንዱ በዘረመል ውስጥ ተፈለገ። እነዚህ መድኃኒቶች የሚሠሩት በአየር ቧንቧ ጡንቻ ላይ ከሚገኘው ቤታ-2 ተቀባይ ጋር ተጣብቀው ጡንቻውን በማላላት ነው። በ1987 በዱክ ዩኒቨርሲቲ ብራያን ኮቢልካ፣ ሮበርት ሌፍኮዊትዝና ባልደረቦቻቸው የሰውን ተቀባይ የዘረመል መልእክት አነበቡ። በ1993 ደግሞ የተቀባዩ 16ኛ ስፍራ በአንዳንዱ ሰው አርጂኒን፣ በሌላው ግላይሲን መሆኑ ታወቀ።

በ2004 የታተመ ጥናት ቀላል አስም ያለባቸውን 78 ሰዎች መረመረ። ሳልቡታሞልን ለ16 ሳምንታት በየዕለቱ ሲወስዱ፣ ከእናትም ከአባትም ግላይሲኑን የወረሱት የጠዋት ትንፋሻቸው ኃይል ተሻሻለ፤ አርጂኒኑን ከሁለቱም የወረሱት ግን ይህን ጥቅም አላገኙም። በመሆኑም ከማዘዣው በፊት ዘረመልን የመመርመር ዘመን የደረሰ መሰለ።

ጥያቄውን ያከበደው ከ26,000 በላይ ሕመምተኞች የተካፈሉበትና በ2003 የተቋረጠው የሳልሜቴሮል ጥናት ነበር። መድኃኒቱን ከወሰዱት 13፣ ካልወሰዱት 3 ሰዎች በአስም ሞቱ፤ አደጋውም በአፍሪካ አሜሪካውያን ላይ ጎልቶ ታየ። ጥርጣሬው ወደ ዘረመል ቢዞርም፣ ጥናቱ ሲጀመር ከተካፋዮቹ ከግማሽ የሚበልጡት የሚሳብ ስቴሮይድ አይወስዱም ነበር፤ ከአፍሪካ አሜሪካውያኑም መካከል የሚወስዱት ከሌሎቹ ያነሱ ነበሩ። በ2009 የታተመ ሌላ ጥናት ሳልሜቴሮልን ከስቴሮይድ ጋር ሲሰጥ፣ የአርጂኒኑም የግላይሲኑም ባለቤቶች ተመሳሳይ መሻሻል አሳዩ። ሰፊ ጥናቶች ከተካሄዱ በኋላም የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2017 ሁለቱን በአንድነት ከያዙት መድኃኒቶች ላይ ጥብቁን ማስጠንቀቂያ አነሣ። በ2019 ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ ፈጣኑን የቧንቧ ማስፊያ ለብቻው ማዘዝን መምከር አቆመ።

ስቴሮይዱም ቢሆን በሁሉም ላይ እኩል አይሠራም፤ በ2011 ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላ ዘረመል ቢገለጽም፣ ተከታዮቹ ጥናቶች ሁልጊዜ አላጸኑትም።

ስለዚህ የዘረመል ውርስ ድርሻ እውነት ነው፤ ነገር ግን ለብቻው ማዘዣ አይጽፍም። የቆዳ ቀለምም የዘረመል ምትክ አይሆንም። የሕመምተኛው ደም ከመከሰሱ በፊት የታዘዘለት መድኃኒት የተሟላ መሆኑ ሊመረመር ይገባል፤ ታሪኩ ለባለሙያው ያተረፈለት ትምህርት ይህ ነው።