ከወለድ ነጻ ባንክ በችግር ጊዜ፦ ማን ይወስናል? ማንስ ይጠየቃል?

 

ስለ ከወለድ ነጻ ባንክ ሲነሳ ብዙዎቻችን ቀድመን የምንጠይቀው «ስራው ሀላል ነው ወይ?» ብለን ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን በሌላ ጥያቄ ላይ የተንጠለጠለ ነው፦ ባንኩ ውስጥ የሚወስነው ማን ነው? የወሰነውንስ ማን ይቆጣጠረዋል? የኩባንያ አስተዳደር የሚባለው ይኸው ነው። አገር ሰላም ሲሆን ጉድለቱ አይታይም፤ የሚታየው መንገድ ሲዘጋና ሱቅ ሲቃጠል ነው። ስለዚህ ጉዳዩን ከጀውሃና ከይፋት ቆላ ሆነን እንመልከተው።

ህጉ የመጣበት መንገድ

የ2000 ዓ.ም የባንክ አዋጅ (ቁጥር 592) ከወለድ ነጻ አገልግሎት በብሔራዊ ባንክ መመሪያ እንዲመራ በር ከፈተ። የዘምዘም ባንክ መስራቾችም ይህን ተስፋ አድርገው ተነሱ። ሆኖም በ2004 ዓ.ም የወጣው መመሪያ አገልግሎቱን ለነባር ባንኮች በ«መስኮት» ደረጃ ብቻ ፈቀደ። ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ የሆነ ባንክ ማቋቋም ተዘጋ፤ ምስረታውም ለዓመታት ቆመ። በግንቦት 2011 ዓ.ም፣ በረመዳን፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክልከላው እንደሚነሳ አስታወቁ፤ አዲስ መመሪያም ተከተለ። ዘምዘም በሰኔ 2013 ስራ ጀመረ፤ ሂጅራ ባንክም በ2014 ተከተለ።

ይፋት በዚያው ዓመት

ባንኩ በሩን በከፈተበት ዓመት ይፋት እሳት ላይ ነበረች። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 በአጣዬ፣ በካራቆሬ፣ በጀውሃና በሸዋ ሮቢት አካባቢ ግጭት ተነስቶ ሰው ሞተ፣ ተፈናቀለ፣ ንብረት ወደመ፤ አካባቢው በኮማንድ ፖስት ስር ገባ። በህዳር 2014 ጦርነቱ ራሱ ሸዋ ሮቢት ደረሰ። በሐምሌ 2015 መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ ሲዘጋ የይፋት ማሾና ሽንኩርት ገበያ አይደርስም፤ የጀውሃ ነጋዴም እቃ አያስገባም።

የሚፈተኑት ውሎች

ሙራበሃ፦ ባንኩ እቃ ገዝቶ፣ ትርፉን አሳውቆ፣ ለነጋዴው በዱቤ ይሸጣል። ሱቁ ከተቃጠለ ዕዳው አይሰረዝም፤ ነገር ግን መክፈል ያቃተው ሰው ፋታ ሊሰጠው እንደሚገባ ሸሪዓችን ያዛል። እያለው የሚያዘገይ ግን ሌላ ነው። ሁለቱን የሚለየው ማን ነው? የቅርንጫፍ ስራ አስኪያጅ ብቻውን ከሆነ ወይ አድልዎ ወይ ጭካኔ ይገባዋል። ከዘገየ ሰው የሚሰበሰብ ቅጣትም የባንኩ ገቢ መሆን የለበትም፤ የሚፈቅዱት ዑለሞችም ለበጎ አድራጎት እንዲውል ነው ያሉት።

ሰለም፦ ዋጋው ሙሉ በሙሉ ቀድሞ ተከፍሎ ምርቱ በቀጠሮ የሚሰጥበት ውል ነው። ለማሾ አምራች ገበሬ የሚመች ነው። መንገድ ተዘግቶ ማድረስ ካልተቻለ ገዢው ወይ ይጠብቃል፣ ወይ ውሉን አፍርሶ የከፈለውን ብቻ ይወስዳል። ስለ መዘግየቱ ጭማሪ መጠየቅ ሪባ ነው።

ሦስቱ ጠባቂዎች

የመጀመሪያው ብሔራዊ ባንክ ነው። ካፒታልን፣ የዳይሬክተሮችን ብቃትና የአክሲዮን ጣሪያን ይቆጣጠራል። በአዋጅ 592 ከመንግስት በስተቀር ማንም ሰው ከአንድ ባንክ አክሲዮን ከ5 በመቶ በላይ እንዳይዝ ተደርጎ የነበረው አንድ እጅ ብቻውን እንዳይገዛ ነበር።

ሁለተኛው የሸሪዓ ቦርድ ነው። መቀመጫውን ባህሬን ያደረገው የእስላማዊ ፋይናንስ ተቋማት የሂሳብና ኦዲት ድርጅት (አዮፊ) ቦርዱ ቢያንስ ሦስት አባላት እንዲኖሩት፣ በጠቅላላ ጉባኤ እንዲሾም፣ የባንኩ ዳይሬክተሮችና ትላልቅ ባለአክሲዮኖችም አባል እንዳይሆኑበት ይጠይቃል። ከሚቆጣጠረው ሰው በታች የተቀመጠ ዓሊም እውነቱን መናገር ይከብደዋልና።

ሦስተኛው ጠቅላላ ጉባኤው፣ ማለትም ባለአክሲዮኑ ነው። ቦርዱን የሚመርጠው፣ ኦዲተሩን የሚሾመው እሱ ነው። ደካማው ጠባቂም ብዙ ጊዜ እሱ ነው። የይፋት ባለአክሲዮን መንገድ ሲዘጋ አዲስ አበባ ለስብሰባ አይደርስም፤ ውክልናውን ሳያነብ ለሰበሰበ ሰው ከፈረመ ደግሞ ድምጹ የሌላ ሰው ሆነ ማለት ነው።

የኢህላስ ፊናንስ ትምህርት

ቱርክ ውስጥ ኢህላስ ፊናንስ ከወለድ ነጻ ተቋማት ትልቁ ነበር። በየካቲት 1993 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. 2001) ፈቃዱ ተሰረዘ። የአገሪቱ የገንዘብ ቀውስ ገፍቶታል፤ ይሁን እንጂ የአስቀማጮች ገንዘብ በብዛት ወደ ራሱ ባለቤት ቡድን ኩባንያዎች መሄዱ ዋናው ቁስል ነበር። ወደ 200 ሺህ የሚጠጉ አስቀማጮች ተጎዱ። ስሙ ኢህላስ መሆኑ አላዳነውም።

ባለአክሲዮኑና ደንበኛው ምን ይጠይቁ?

1. የሸሪዓ ቦርዱ ዓመታዊ ሪፖርት ለጉባኤ ቀርቧል?
2. ለዳይሬክተሮችና ለዘመዶቻቸው የተሰጠ ፋይናንስ ምን ያህል ነው?
3. በግጭት ለተጎዳ ደንበኛ የፋታ ደንቡ ተጽፏል? የሚወስነው ኮሚቴ ነው ወይስ አንድ ሰው?
4. የዘገየ ክፍያ ቅጣት የት ዋለ?
5. ውክልናዬን የያዘው ሰው በምን አጀንዳ ላይ ነው ድምጽ የሚሰጠው?

«የራሳችን ሰዎች ናቸው» የሚለው እምነት መልካም ነው፤ ግን ቁጥጥርን አይተካም። በቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ ስለ ዕዳ መጻፍና ስለ ምስክር የወረደው እርስ በርስ ለሚተማመኑ ሙእሚኖች ነው። አማና የሚጠበቀው ሲጻፍና ሲጠየቅ ነው፤ የችግር ቀን ከመምጣቱ በፊት።

ወላሁ አዕለም።