የማዳመጥ ትምህርት
ስለ ፕሮፌሰር ካርል ሮጀርስ



መምህር የሚናገር፣ ተማሪ የሚያዳምጥ ነው የሚለው አሳብ በየአገሩ ሥር የሰደደ ነው። አስቀድሞ ማዳመጥ የሚገባው መምህሩ ነው ብለው ከተነሡት ሊቃውንት አንዱ አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ፕሮፌሰር ካርል ሮጀርስ ነበሩ።

ሮጀርስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1902 ዓ.ም. በቺካጎ አጠገብ ተወለዱ። እርሻን፣ ታሪክንና ሃይማኖትን ካጠኑ በኋላ በ1931 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነትን ማዕርግ ተቀበሉ። በሮቼስተር ከተማም ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ችግር የደረሰባቸውን ልጆችና ወላጆቻቸውን ሲረዱ ቆዩ።

በዚያ ሳሉ የገጠማቸውን ራሳቸው ጽፈውታል። አንዲት እናት በልጇ ረባሽነት ተቸግራ ትመላለስ ነበር። ሮጀርስ የችግሩ ምንጭ እናቲቱ ልጁን በሕፃንነቱ ፍቅር መንሣቷ ነው ብለው ይህን ሊያስረዷት ቢደክሙም ፍሬ አላገኙም። በመጨረሻ ሥራው እንዳልተሳካ ተስማምተው ተጨባበጡ። እናቲቱ ከበሩ ስትደርስ ዘወር ብላ፣ እዚህ ዐዋቂዎችንም ትረዳላችሁን ስትል ጠየቀች። አዎን ባሏት ጊዜ ወደ ተነሣችበት ወንበር ተመልሳ የትዳሯን ኀዘን፣ የልቧን ጭንቀት ዘረገፈችው። እውነተኛው እርዳታ የተጀመረው ያን ጊዜ ነበር፤ ፍጻሜውም አማረ።

ሮጀርስ ከዚህ የተረዱት፣ የቁስሉን ሥፍራ የሚያውቀው ቁስለኛው ራሱ መሆኑን ነው። ጥያቄውን ሳይሰማ መልስ የሚያቀብል ሰው፣ «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚባለውን ይመስላል። በ1942 ባሳተሙት መጽሐፍም በሸክላ የተቀረጸውን የአንድ ተመካሪና የአማካሪውን ንግግር ቃል በቃል አወጡት፤ አማካሪ ምን ያህል እንደሚናገር፣ ምን ያህልም እንደሚሰማ ለሁሉ ተገለጠ።

በ1952 በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ጉባኤ ላይ ደግሞ ይህንኑ አሳብ ወደ ትምህርት ቤት አገቡት። የሰውን ጠባይ የሚለውጠው ራሱ ፈልጎ ያገኘው ዕውቀት ብቻ ነው፤ ይህም እውነት ከሆነ ፈተናውም፣ ነጥቡም፣ ዲፕሎማውም ሊቀር ይገባዋል አሉ። በጉባኤው የነበሩት መምህራን እጅግ ተቈጡ። ቍጣቸው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ያልተፈተነ ሐኪምን ወይም ድልድይ ሠሪን ማን ያምነዋል?

ይሁን እንጂ ፈተና ብቻውን ሰውን አያንጽም። ዘመናዊ ኑሮ ሰውን በመዝገብ ቍጥር እንድናውቀው አስገድዶናል፤ ቍጥር ግን ጭንቀቱን አይናገርም። ሮጀርስ ረዳት ከሆነ ሰው ሦስት ነገር ይሻሉ፤ ሳያስመስሉ መቅረብን፣ ሳይፈርዱ ማክበርን፣ ነገሩንም በተናጋሪው ዐይን ማየትን።

ፕሮፌሰሩ በ1987 በካሊፎርኒያ ዐረፉ። የትምህርት ቤቶች ፈተና አልቀረም፤ ዲፕሎማውም እንደ ተከበረ ነው። እናንተ በየመሥሪያ ቤቱ የምትሠሩ አንባብያን ግን፣ ነገ ባለጉዳይ ማመልከቻውን ይዞ ከጠረጴዛችሁ ፊት ሲቆም፣ ደንቡን ከመጥቀሳችሁ በፊት ነገሩን እስከ መጨረሻው ስሙት። ደንቡ የማይፈቅድለት እንኳ ቢሆን፣ ተሰምቶ የተመለሰና ሳይሰማ የተባረረ ሰው ወደ ቤቱ የሚወስደው ልብ አንድ አይደለም።