ዜና ሐዲድ ወፊደል ዘድሬዳዋ

ያለ ደመወዝ የኮምፒዩተር ሥራ ስለ ሠሩ ሰዎች፣ በሠሩትም ላይ ስለ ነገዱ ኩባንያዎች የተጻፈ ዜና ይህ ነው። የተጻፈውም በድሬዳዋ፣ ከደቻቱ ወንዝ ወዲህ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር ነው። የዚህች ከተማ ነገር ሁሉ ከምድር ባቡር ይነሣልና እኛም ከዚያው እንነሣለን።

በ1886 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለስዊሱ ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ፈቃድ ሰጡ፤ ፈረንሳዊው ሌዎን ሸፍኔም የሥራው ባልንጀራ ነበረ። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ወደ ሐረር ሊወጣ ታስቦ ነበር፤ ተራራው ቢከብድ ግን በግርጌው በሜዳው ቀረ። በዘመነ ሉቃስ፣ በ1895 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር፣ ባቡሩ እዚህ ደረሰ፤ ስፍራውም አዲስ ሐረር ተባለ፤ ኋላ ድሬዳዋ የሚለው ስም ጸና። ባቡሩ ከመድረሱ ቀድሞ የፈረንሳይ መንግሥት ኢልግና ሸፍኔ ላቆሙት ኩባንያ ገንዘብ ሰጥቶ በሥራው ላይ ሥልጣን ያዘ። ንጉሠ ነገሥቱም ይህን ሲሰሙ አልወደዱትም፤ ፈቃዱን የሰጡት ለኩባንያ እንጂ ለባዕድ መንግሥት አልነበረምና። ያ ኩባንያ ከሰረ፤ ሌላ ተተካ፤ ሐዲዱም በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ስፋቱ 1 ሜትር ነበረ፤ አንባቢ ይህን ቁጥር ይያዝልኝ።

ከዚህም በኋላ የፊደል ነገር መጣ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. አቶ ፍሥሐ አጥላው በካሊፎርኒያ በሂውሌት ፓካርድ መሐንዲስ ሳሉ ዳሽን በተባለ ድርጅታቸው ፊደላችንን ከኮምፒዩተር አገቡ። ቀጥለውም ሌሎች ተነሡ፤ ፓወር ግዕዝም፣ ቪዥዋል ግዕዝም፣ ሌላም ሌላም። ኮምፒዩተር ቁጥር እንጂ ፊደል አያውቅም፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር መስጠት ግድ ነበር። በዚያ ወራት አንድ የፊደል መዝገብ 256 ስፍራ ብቻ ነበረው፤ ከዚያም እኩሌታውን የፈረንጅ ፊደል ይዞታል። የእኛ 33 ፊደል በየ7 ቤቱ 231 ይሆናል፤ ዲቃላዎቹ ሳይቆጠሩ። አንዱ ኩባንያ ፊደሉን በሁለት መዝገብ ከፈለው፤ ሌላው እግሩንና ራሱን ቆራርጦ ቀጠለው፤ ሁሉም በየራሱ ቁጥር ሄደ። የአንዱ ሀ ለሌላው ሀ አልሆነለትም።

እኔ ራሴ በከዚራ በአንድ ጽሕፈት ቤት ያስተየብሁትን ማመልከቻ በፍሎፒ ይዤ ደቻቱን ተሻገርሁ። በመጋላ ሰፈር ባለ ሌላ ቤት ባስከፍተው የፈረንጅ ነጥብና ሠረዝ ሆኖ ወጣ። እንደ ገና አስተየብሁ፤ ሁለት ጊዜም ከፈልሁ። ይህ ያልደረሰበት የዘመኔ ሰው ጥቂት ነው።

ቢሆንም እውነቱ ይጻፍ። ጋዜጣና መጽሐፍ በእነዚያ ኩባንያዎች ፊደል ታትሟል፤ የደከሙበትም ሥራ ሳይከፈልበት እየተቀዳ ከቤት ቤት ዞሯል። በሥራቸው ላይ ቁልፍ ያበጁት እንዳይቀዳባቸው ስለ ፈሩ ነበር። ዳሩ ግን የተቆለፈበት ነገር የሁላችን ፊደል ነበረና ቁልፉ እኛን ጎዳ።

በዚህም ወራት ያለ ዋጋ የሚሠሩ ሰዎች ተነሡ። ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ አማርኛ በላቲን ፊደል ተጽፎ ሳይፋለስ ወደ ግዕዝ ፊደል የሚመለስበትን ሥርዓት ደነገጉ፤ ስሙንም ሰራ አሉት፤ ለወደደ ሁሉ ሰጡት። በጀርመን አገር በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ብርሃኑ በየነ ከባልደረቦቹ ጋር ቴክ ለሚባለው የመጽሐፍ ማሰናጃ የግዕዝ ፊደል አበጅቶ በነጻ ለቀቀ። ቀጥሎም ፊደላችን ወደ ዩኒኮድ፣ ለዓለም ፊደላት ሁሉ የጋራ ቁጥር ወደሚሰጠው ሥርዓት፣ ቀረበ። የዩኒኮድ ማኅበር ዋነኞቹ አባላት ታላላቅ የኮምፒዩተር ኩባንያዎች ናቸው። በፈረንጆች 1999 (ከዚህ ወዲያ ዓ.ም. ያልተባለበት ዓመት ሁሉ የፈረንጅ ነው) በመስከረም ወር፣ በ3ኛው እትም፣ 345 የግዕዝ ምልክቶች ከነቁጥራቸው ጸደቁ። ሀ በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር 1200 የሚል ቁጥር ተቀበለች፤ ከዚያ ወዲህም ቁጥሯ አልተለወጠም። በ2005 ደግሞ ለሰባት ቤት ጉራጌ፣ ለመኤንና ለብሊን የሚያስፈልጉት ተጨመሩ። በ1999 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ኒያላ የሚባለውን ፊደል ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር አወጣ።

እንዲህ ያለ ዋጋ መሥራት በእኛም አገር አለ፤ የሐረርጌ ገበሬ ጉዛ የሚለውን የደጋው ሰው ደቦ ይለዋል። ጎረቤት ተጠርቶ የአንዱን እርሻ ያርማል፤ ባለ እርሻውም ጫቱንና ሆጃውን ያቀርባል፤ በተራውም የሌላውን ለማረም ይወጣል። አብልቶ በተራው የማይወጣ ይነወራል፤ ሳያበላ ያሠራማ ስሙ አይነሣም። ነጻ ሶፍትዌር የዓለም ጉዛ ነው። ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 ግኑ ያለውን ሥራ ባወጀ ጊዜ፣ ሊነስ ቶርቫልድስም በ1991 ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒዩተር ሥርዓት ከሄልሲንኪ በለቀቀ ጊዜ፣ ሥራው በዚህ ሥርዓት ተጀመረ። ኩባንያዎች በመኸሩ መጡ፤ መምጣታቸውም ነውር አልነበረም። ማብላቱን መርሳታቸው ግን ነውር ሆነ።

ለዚህ ምስክር ኦፕንኤስኤስኤል የሚባለው ነጻ ሶፍትዌር ነው። በዓለም ያሉ ባንኮችና ሱቆች ምሥጢራቸውን የሚሸፍኑበት ይህ ሥራ በ2014 ሃርትብሊድ የተባለ ቀዳዳ ተገኘበት። ያን ጊዜ ታወቀ፤ የሚጠብቁት እጅግ ጥቂት ሰዎች ነበሩ፤ በዓመትም የሚያገኙት ስጦታ ወደ 2,000 ዶላር ነበረ። ኩባንያዎቹ ደንግጠው ገንዘብ አዋጡ። ከደነገጡ በኋላ መሆኑ ያሳዝናል።

አጥር የሚያጥሩም ነበሩ። ኦራክል የተባለው ኩባንያ ኦፕንኦፊስ የሚባለውን የጽሕፈት መሣሪያ የያዘውን የሳን ኩባንያ በ2010 በገዛ ጊዜ የኦፕንኦፊስ ሠራተኞች ተጨንቀው ወጡ፤ ሊብሬኦፊስንም መሠረቱ። ሃሺኮርፕ የተባለው ኩባንያ በ2023 የሥራውን የአጠቃቀም ፈቃድ ቢያጠብቅ ሰዎች የቀድሞውን ሥራ ወስደው ኦፕንቶፉ አሉት። የተለቀቀ ነገር አይመለስምና ይህ መብታቸው ነበረ።

ዳግመኛም በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ታላቅ ነገር ሆነ። ኤክስዜድ የሚባለውን የመጭመቂያ መሣሪያ አንድ የፊንላንድ ሰው ያለ ክፍያ ለዓመታት ጠብቆት ነበር። ጂያ ታን የሚል ስም የያዘ እንግዳ መጣ፤ ታግሦ አገለገለ፤ ታመነ፤ በመጨረሻም ስውር በር ከተተበት። የማይክሮሶፍት ሠራተኛ አንድሬስ ፍሮይንድ ኮምፒዩተሩ ግማሽ ሰከንድ ያህል ሲዘገይ አየና ነገሩን ገለጠው። እንግዲህ ከብዙ ጥፋት ያዳነን ኩባንያ የሚቀልበው ሰው ነው፤ የታሪክ ጸሐፊ ይህንም ሊሸሽግ አይገባውም። እኔ የምለው ግን ለዚያ ብቸኛ ጠባቂ ደመወዝ የሚከፍል ቢኖር እንግዳው እንዲያ በቀላሉ ባልገባ ነበር።

ወደ ሐዲዱ እንመለስ፤ በ2009 ዓ.ም. አዲሱ ምድር ባቡር ተመረቀ። የሐዲዱ ስፋት 1.435 ሜትር ነው፤ የአሮጌው ፉርጎ በዚህ አይሄድም፤ የዚህኛውም በዚያ። ሁለት መንገድ አንዲትን ከተማ ይነካሉ፤ አይገናኙም። ይህን ባየሁ ቁጥር ያ ፍሎፒ ትዝ ይለኛል።

ዛሬ ኪይማን የሚባለው የመጻፊያ መሣሪያ፣ ቀድሞ ይሸጥ የነበረው፣ ከ2015 ወዲህ ኤስአይኤል በተባለ ድርጅት እጅ ሆኖ ኮዱ ለሁሉ ተከፍቷል። ዳንኤል ያዕቆብ ያሉበት የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽንም የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳ ሠርቶበታል። ይህን ዜና በዚያው ጻፍሁ፤ የሠሩትም ከእኔ አንድ ብር አልተቀበሉም። ጽፌም በጨረስሁ ጊዜ ወደ ካፊራ ገበያ ለሚወርድ ልጅ በስልኩ ላክሁለት። እርሱም በመጋላ ባለ ቤት አስከፈተው፤ ሀ ሀ ሆና ወጣች፤ አንድ ጊዜም ብቻ ከፍዬ አሳተምሁት።